የጉባ እጣን በማን ስም ይሸጣል?

ጥር ላይ በመተከል ያለው የጉባ ወረዳ ቆላ ሣሩ ደርቆ አልቋል፤ ብዙው ቦታም በእሳት ጠቁሯል። የእጣን ዛፉ ቅጠሉን ካራገፈ ቆይቷል። ሠራተኛው ፀሐይ ሳትበረታ ጫካ ይገባል፤ በእጁ ስለት ያለው አጭር መሣሪያ፣ በትከሻው መልቀሚያ ዕቃ ይዟል። ካለፈው ዙር የቀረውን ቁስል ግንዱ ላይ ያገኝና የቅርፊቱን ጫፍ ስስ አድርጎ ይልጣል። ነጭ ፈሳሽ ወዲያው ብቅ ይላል፤ ቁልቁል ተንጠልጥሎ ይረጋል፣ ውሎ አድሮም ይጠነክራል። ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይቶ ሲመለስ የደረቀውን ይለቅምና ያንኑ ቁስል በትንሹ ያሰፋዋል። ይህ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ የመጀመሪያው ዝናብ እስኪጥል ድረስ ይደጋገማል። ዝናብ የነካው እጣን ይበላሻል፣ ዋጋውም ይወድቃል።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ዛፍ መጫር ቀላል ሥራ ይመስላል። ልምድ የሌለው እጅ ግን ጠልቆ ይቆርጣል፤ ጠልቆ የተቆረጠ ዛፍ ደግሞ ግንድ ለሚበሱ ጢንዚዛዎች በሩን ይከፍታል። ለዚህም ነው አምራቾች የለመዱ ሠራተኞችን ከሰሜን፣ በተለይም ከትግራይ፣ እያመጡ በመተማና በመተከል ሲያሠሩ የኖሩት። እነዚህ ሰዎች ለወራት ከቤተሰብ ርቀው፣ ወባው፣ ሙቀቱና የውኃ ጥሙ ሳይበግራቸው ጫካ ውስጥ ይከርማሉ። መሬቱ የጉሙዝ ማኅበረሰብ ነው፤ ዛፉን ሲጠብቅ፣ በጥላው ሲያርፍ፣ ከማሩም ሲቆርጥ የኖረው እሱ ነው። የእጣኑ ጌቶች እነማን ናቸው ቢባል ከእነዚህ ከሁለቱ የሚጀምር መልስ ያስፈልጋል።

ጆንያው ከጉባዋ ከተማ ከማንኩሽ ተነሥቶ በማንቡክና በግልገል በለስ አድርጎ ወደ መሐል አገር ይጓዛል። አዲስ አበባ መጋዘን ሲደርስ ሴቶች ክምሩን ከብበው ተቀምጠው በእጃቸው ይለዩታል። ትልልቁና ንጹሑ ነጭ አንደኛ ደረጃ ነው፤ ከዚያ ወዲያ መጠኑ እያነሰ፣ ቀለሙ እየጠቆረ፣ ቅርፊት የተቀላቀለበትና ዱቄቱ እስከ አምስተኛ ደረጃ ይወርዳል። ሥራው ዓይን ይፈልጋል፣ ወገብም ይፈልጋል። ከለቃሚዎቹ አንዷን «እትዬ፣ ይህ ከየት የመጣ ነው?» ብለው ቢጠይቋት የምትነግርዎ ደረጃውንና ዓይነቱን ነው። ማንኩሽ የሚል ቃል አይወጣትም፤ ከወረቀቱም ላይ የለም።

የኢትዮጵያ እጣን በንግዱ ዓለም የሚታወቀው በሦስት ስሞች ነው፦ የትግራይ ዓይነት፣ የኦጋዴን ዓይነት እና የቦረና ዓይነት። የመጀመሪያው የሚገኘው ሳይንሱ ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ ከሚለው ዛፍ ነው። ይህ ዛፍ በትግራይ ይበቅላል፣ በጎንደር ቆላም ይበቅላል፣ በመተከልም ይበቅላል። ስለዚህ በጉባ ጫካ የተለቀመው እጣን ወደብ ሲደርስ «የትግራይ ዓይነት» ሆኖ ይወጣል። ለዚህ የትግራይ አምራች አይወቀስም፤ ትግራይ የዚህ ንግድ አሮጌ ማዕከል ስለነበረች ነጋዴው በለመደው ጠራው። እንዲያውም የትግራይ ሰው ራሱ በዚያ ስም ላይ መብት የለውም። ስሙ የንግድ ልማድ ነው፤ ማንም ነጋዴ ከየትም ባመጣው ጆንያ ላይ ሊጽፈው ይችላል።

ሰሊጡም እንዲሁ ነው። በመተከልና በአሶሳ ቆላዎች ሰሊጥ ይመረታል፤ የውጭ ገዢው የሚያውቃቸው ስሞች ግን ሁመራ፣ ጎንደርና ወለጋ ናቸው።

ጉባ የሚለውን ስም የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ዛሬ የለም ማለት ይቻላል። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የህዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ ተጣለ፤ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ግድቡ ተመረቀ። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ቦንድ የገዛው፣ ከደመወዙ ያዋጣው ሰው ጉባን በልቡ ይዟት ኖሯል። 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ግድብ የተሸከመች ወረዳ፣ በዓለም ገበያ ላይ ግን የራሷን ምርት በራሷ ስም አትሸጥም። ይህ ጽሑፍ የሚያነሣው ይህንን ነው፦ ስም በንግድ ውስጥ ሀብት የሆነው እንዴት ነው? ያንን ሀብት የሚያስከብረውስ ማን ነው?

ቡና ከተፈላበት ቤት ግቡ። ረከቦቱ ላይ ሲኒው ተደርድሯል፣ ከጎኑ እጣን ይጨሳል። ቡናው ይርጋጨፌ ወይም ሐረር ከሆነ ባለቤቷ በኩራት ትናገራለች። ስለ እጣኑ የሚጠይቅ የለም። በአንድ ሥርዓት ላይ የሚቀርቡት ሁለቱ ምርቶች በሕግ ፊት ያላቸው ልዩነት የተፈጠረው ከሃያ ዓመት በፊት በተደረገ አንድ ሙግት ነው፤ ያንን ሙግት በዝርዝር ማየት ለጉባ ይጠቅማል።

እ.ኤ.አ. በ2004 (ከዚህ በኋላ ከአዋጅ ቁጥር በቀር «ዓ.ም.» ያልተባለባቸው ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ስታርባክስ የተባለው የአሜሪካ የቡና ኩባንያ «ሽርክና ሰን ድራይድ ሲዳሞ» የሚል ስም በአሜሪካ የንግድ ምልክት መዝገብ እንዲገባለት አመለከተ። በመጋቢት 2005 ደግሞ የኢትዮጵያ መንግሥት ሐረር፣ ሲዳሞ እና ይርጋጨፌ የሚሉት ሦስት ስሞች በስሙ እንዲመዘገቡለት ለዚያው ለአሜሪካ የፓተንትና የንግድ ምልክት ቢሮ አቀረበ። በአሜሪካ ሱቆች ያ የስታርባክስ ቡና በፓውንድ እስከ 26 ዶላር ይሸጥ ነበር፤ ቡናውን ያበቀለው ገበሬ እጅ የሚገባው ከዚህ በጣም ጥቂቱ ነው። የዋጋው ልዩነት የመጣው ከስሙ ነበር፤ ስሙን ለገበያ ያበቃው ግን የሲዳማና የጌዴኦ ገበሬ ነው።

በጊዜው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤትን ይመሩ የነበሩት አቶ ጌታቸው መንግሥቴ ነበሩ። ለምን የንግድ ምልክት ተመረጠ የሚለው ጥያቄ ያኔ ብዙ አከራከረ። ብዙ ባለሙያዎች የተሻለው መንገድ ጂኦግራፊያዊ አመልካች ነው ይሉ ነበር፤ ይኸውም አንድ ምርት ጥራቱና ዝናው ከተመረተበት ቦታ የመነጨ መሆኑን የሚያረጋግጥ ጥበቃ ነው፣ ፈረንሳዮች ለሻምፓኝ እንደሚያደርጉት። ነገር ግን ለዚያ ወሰን መከለል፣ የጥራት ደንብ ማውጣት፣ እያንዳንዱን ጆንያ መከታተልና መቆጣጠር ያስፈልጋል። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ገበሬዎች በትናንሽ ማሳ የሚያመርቱትን፣ በብዙ እጅ የሚያልፈውን ቡና እንዲህ መቆጣጠር ለአገሪቱ ከአቅም በላይ ነበር። የንግድ ምልክት ግን ባለቤትነቱን በቀጥታ ለመንግሥት ይሰጣል፤ መንግሥትም ፈቃድ የሚሰጠውን ይመርጣል። ውሳኔው አስተዋይነት ነበረበት ብዬ አምናለሁ።

ተቃውሞው የመጣው ከአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ነው። ማኅበሩ ስሞቹ የቡና ዓይነት መጠሪያ ሆነው የቀሩ የወል ስሞች ናቸውና ማንም ሊይዛቸው አይገባም ብሎ ተከራከረ። ይርጋጨፌ አለፈ፤ ሐረርና ሲዳሞ ላይ ቢሮው እምቢ አለ። ኢትዮጵያ ይግባኝ አለች። በጥቅምት 2006 ኦክስፋም የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ዘመቻ ከፈተ፤ በዓለም ዙሪያ ወደ መቶ ሺህ የሚጠጋ ሰው ለስታርባክስ መልእክት ላከ። የኩባንያው ኃላፊዎች አዲስ አበባ ድረስ መጡ፣ ከጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ጋርም ተነጋገሩ። በሰኔ 2007 ስምምነት ተፈረመ፦ ስታርባክስ የኢትዮጵያን ባለቤትነት ተቀብሎ ፈቃድ ወሰደ። ለፈቃዱ ክፍያ አይጠየቅም፤ በምትኩ ኩባንያው ስሞቹን በአግባቡ ሊጠቀምና ሊያስተዋውቅ ተስማማ። የቀሩት ስሞችም በኋላ ተመዘገቡ።

በጃፓንም ተመሳሳይ ፈተና ገጥሞ ነበር። የጃፓን የቡና ማኅበር ምዝገባው እንዲሰረዝ አመለከተ፣ የፓተንት ቢሮውም ሰማው፤ ነገር ግን በ2010 የቶኪዮው የአእምሯዊ ንብረት ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሲዳሞና የይርጋጨፌን ምዝገባ የሰረዘውን ውሳኔ ሻረው።

ከዚህ ታሪክ የምወስደው አንድ ነገር አለ። ኢትዮጵያ ያሸነፈችው በአዲስ አበባ ሕግ በማውጣት አልነበረም። ዕቃው በሚሸጥበት አገር፣ በዚያው አገር መዝገብ፣ በዚያው አገር ጠበቃ ተከራክራ ነው። አእምሯዊ ንብረት በየአገሩ ድንበር የሚቆም መብት ነውና፣ ሺህ ጊዜ በጉባ ቢታወቅ በሻንጋይ ካልተመዘገበ በሻንጋይ የለም።

መብቱ እንዲህ በድንበር ተወስኖ ሳለ በዓለም ንግድ ውስጥ እንዴት ገባ? ነገሩ የተጀመረው በአሜሪካ ነው። የ1974ቱ የንግድ ሕግ አንቀጽ 301 ፕሬዚዳንቱ ፍትሐዊ ያልሆነ ንግድ የሚያካሂድን አገር በቀረጥ እንዲቀጣ ሥልጣን ሰጥቶ ነበር። በ1988 ደግሞ «ልዩ 301» የሚባለው ተጨመረ፤ የአሜሪካ የንግድ ተወካይ በየዓመቱ የፓተንት፣ የቅጅና የንግድ ምልክት መብት በደንብ አያስከብሩም ያላቸውን አገሮች ዝርዝር ያወጣል። ስሙ በዚያ ዝርዝር የወጣ መንግሥት የቀረጥ በትሩ እንዳያርፍበት ይደነግጣል። ከ1986 ጀምሮ በተካሄደው የኡራጓይ ዙር የዓለም ንግድ ድርድር የመድኃኒት፣ የፊልምና የሶፍትዌር ኩባንያዎች ጥያቄያቸውን ወደ ንግድ ጠረጴዛው አመጡት፤ ድሃ አገሮች ጨርቃ ጨርቃቸውንና እህላቸውን ለመሸጥ ሲሉ ተቀበሉት። ውጤቱ ትሪፕስ የሚባለው የአእምሯዊ ንብረት ስምምነት ነው፤ ከጥር 1 ቀን 1995 ጀምሮ ይሠራበታል።

የትሪፕስ ጉልበቱ ከዓለም ንግድ ድርጅት የክርክር ሥርዓት ጋር መታሰሩ ነው። ግዴታውን ያልፈጸመ አገር ከተረታ ከሳሹ በሌላ ዕቃው ላይ ቀረጥ ሊጥልበት ይችላል፤ የፓተንት ጥፋት በቡና ወይም በቆዳ ይቀጣል ማለት ነው። መንገዱ በሁለቱም አቅጣጫ ክፍት መሆኑ ግን ብዙ አይነገርም። በ2000 ኢኳዶር በሙዝ ክርክር አውሮፓን ከረታች በኋላ ሸቀጥ ላይ ቀረጥ መጣሉ ራሷን እንደሚጎዳት አሳይታ፣ የአውሮፓውያንን አእምሯዊ ንብረት በዓመት እስከ 201.6 ሚሊዮን ዶላር ድረስ አለማክበር እንድትችል ተፈቀደላት። አንቲጓና ባርቡዳ የተባለችው ትንሽ የደሴቶች አገርም በአሜሪካ ላይ በዓመት የ21 ሚሊዮን ዶላር ተመሳሳይ መብት አገኘች። ሁለቱም በትሩን እስከ መጨረሻው አልመዘዙትም። ነገር ግን ያለ ፋብሪካና ያለ ጦር መርከብ የሚደራደር አገር በእጁ ምን ሊይዝ እንደሚችል አሳይተዋል።

ስምምነቱ ውስጥ ለጉባ የሚመለከት አንድ ሚዛን የጎደለው ነገር አለ። ለወይንና ለአልኮል መጠጦች የተሰጠው ጥበቃ ከሌላው ሁሉ ይበልጣል። በአንቀጽ 23 መሠረት ሻምፓኝ ካልሆነ ወይን ላይ «የሻምፓኝ ዓይነት» ብሎ መጻፍ እንኳ ክልክል ነው፤ ገዢው መታለሉን ማረጋገጥ አያስፈልግም። ለቡና፣ ለሰሊጥና ለእጣን ያለው ግን አንቀጽ 22 ብቻ ነው፤ ገዢው መታለሉን የማስረዳት ሸክም በባለቤቱ ላይ ይወድቃል። የአውሮፓ ወይን «ዓይነት» የሚለው ተለጣፊ የተከለከለበት ሕግ፣ የእኛ እጣን ሦስቱም ስሞቹ በዚያው ተለጣፊ እንዲሸጡ ይፈቅዳል። ከዓመታት በፊት በዶሃ በተጀመረው ድርድር ብዙ አገሮች ጥበቃው ለሁሉም ምርት እንዲዳረስ ጠይቀዋል፤ እስካሁን አልተሳካም።

በፓተንት በኩል የደረሰብን የጤፍ ታሪክ ደግሞ ከቡናው ይመራል። በሚያዝያ 2005 የብዝሀ ሕይወት ጥበቃ ኢንስቲትዩትና የግብርና ምርምር ድርጅት ከአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር ተፈራረሙ። ኩባንያው 12 የጤፍ ዝርያዎችን ይጠቀማል፣ ጥቅሙንም ያካፍላል ተባለ። ስምምነቱ ያኔ ለዓለም አርአያ ተብሎ ተወድሶ ነበር። ኩባንያው ግን አስቀድሞ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የፓተንት ማመልከቻ አስገብቶ ነበር፤ የአውሮፓ የፓተንት ቢሮም በ2007 ሰጠው። የጤፍ ዱቄት ማቡካትና መጋገር እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ የሚያውቁት ጥበብ ነው፤ በአውሮፓ መዝገብ ግን የአንድ ኩባንያ ፈጠራ ተባለ። ኩባንያው በ2009 ከሰረ፣ ፓተንቱ ወደ ሌላ እጅ ተላለፈ። በ2012 በኖርዌይ የፍሪትዮፍ ናንሰን ተቋም ተመራማሪዎች ሬጊነ አንደርሰንና ቶነ ቪንገ ጉዳዩን መርምረው ሲያወጡት ኢትዮጵያ ከዚያ ሁሉ ያገኘችው ወደ 4,000 ዩሮ ገደማ ብቻ መሆኑ ታወቀ።

ፓተንቱ በኔዘርላንድ የወደቀው በኅዳር 2018 በሄግ ፍርድ ቤት ነው፤ ዳኞቹ አዲስ የፈጠራ እርምጃ የለበትም አሉ። ዜናው በየካቲት 2019 አዲስ አበባ ሲሰማ ደስታው ልክ አልነበረውም፤ የእኔም እንዲሁ። ይሁንና ክርክሩን ያስነሡት ሁለት የኔዘርላንድ ኩባንያዎች ነበሩ፦ ባለ ፓተንቱ ሌላውን መብቴን ጣስክ ብሎ ከሰሰው፣ የተከሰሰውም ፓተንቱ ራሱ አይረባም ብሎ ረታ። ኢትዮጵያ በዚያ ችሎት ተከራካሪ ወገን አልነበረችም። የእኛን ጤፍ ነፃ ያወጣው የሌላ ነጋዴ መከላከያ ነው። ይህ ያሳስበኛል፤ በሚቀጥለው ጊዜ እንዲህ ያለ ነጋዴ ላይገኝ ይችላልና።

በአገር ቤት ሕጉ የለም ማለት አይቻልም። የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 የጋራ የንግድ ምልክት እንዲመዘገብ ይፈቅዳል፤ የወንጪን ማር ጨምሮ ለጥቂት የማር ዓይነቶች ተሞክሯል። ከሁሉም በላይ አዋጅ ቁጥር 482/1998 አለ፤ የጄኔቲክ ሀብትን፣ የማኅበረሰብ ዕውቀትንና የማኅበረሰብ መብትን የሚመለከተው። ከጄኔቲክ ሀብት በገንዘብ የተገኘ የመንግሥት ድርሻ ሲኖር ግማሹ ለአካባቢው ማኅበረሰብ እንዲደርስ ይደነግጋል። ለዚህ አስተሳሰብ በአፍሪካ ደረጃ መሠረት ከጣሉት ሰዎች አንዱ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ናቸው፤ በአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሞዴል ሕግ ውስጥ የገበሬውና የማኅበረሰቡ መብት እንዲገባ ታግለዋል። በግንቦት 2024 በጄኔቫ የጸደቀው አዲሱ የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት ስምምነትም፣ ሥራ ላይ ሲውል፣ በጄኔቲክ ሀብት ላይ የተመሠረተ ፈጠራ የሚያስመዘግብ ሰው ሀብቱ ከየት እንደመጣ እንዲገልጽ ያስገድዳል። በጤፉ ፓተንት ዘመን ይህ ቢኖር ኖሮ አመልካቹ ጤፉ ከየት እንደመጣ ሳይገልጽ ባላለፈ ነበር።

አሁን ደግሞ ሌላ በር እየተከፈተ ነው። ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ያመለከተችው በጥር 2003 ነው። ማመልከቻዋን የሚያየው የሥራ ቡድን የመጀመሪያ ስብሰባ በ2008 ተካሄደ፤ ከ2012 በኋላ ለረጅም ጊዜ ቆመ፤ በ2020 አራተኛው፣ በመጋቢት 2025 አምስተኛው ስብሰባ ተደረገ። አዲስ ገቢ አገር ከነባሮቹ ጋር እየተቀመጠ ስለ ቀረጡ፣ ስለ አገልግሎት ገበያው፣ ስለ ፓተንት ሕጉም ጭምር ይደራደራል። እጅግ ላላደጉ አገሮች የተሰጠው የትሪፕስ የእፎይታ ጊዜ እስከ ሐምሌ 1 ቀን 2034 ይዘልቃል፤ ነገር ግን ለአባልነት የሚደራደር አገር ያንን እፎይታ ቀደም ብሎ እንዲተው ሲጠየቅ ቆይቷል። የመድኃኒት ዋጋ፣ የዘር ገበያ፣ የመጽሐፍ ቅጅ ሁሉ በዚያ ውስጥ አለ። ድርድሩ ግን እኛ የምንከፍለው ብቻ መሆን የለበትም። እኛም የምናስመዘግበው ስም ይዘን መቀመጥ አለብን።

ምሳሌው ሩቅ አይደለም። በ2016 የአውሮፓ ኅብረት ከደቡብ የአፍሪካ አገሮች ጋር የኢኮኖሚ አጋርነት ስምምነት ሲፈራረም ደቡብ አፍሪካ ከመቶ በላይ ስሞች ይዛ ገባች፤ ከነዚህ ውስጥ ሩይቦስ የሚባለው የተራራ ሻይ አለ። ከዚያ ወዲህ በአውሮፓ ገበያ ሩይቦስ ሊባል የሚችለው የደቡብ አፍሪካው ብቻ ነው። ካሜሩንም የፔንጃ ቁንዶ በርበሬዋን በ2013 በአፍሪካ ደረጃ፣ በ2022 ደግሞ በአውሮፓ አስመዘገበች፤ ፔንጃ እሳተ ገሞራ አፈር ያለባት ትንሽ አካባቢ ናት። የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣና አባል አገሮችም በየካቲት 2023 የጸደቀ የአእምሯዊ ንብረት ፕሮቶኮል አላቸው። በአሜሪካ በኩል የነበረውን አጎዋ የተባለ ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድል ብናስታውስ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ የአእምሯዊ ንብረት ጥበቃ ከመመዘኛዎቹ አንዱ ነበር፤ ኢትዮጵያ ግን በጥር 2022 ከተጠቃሚነት የወጣችው በሌላ ምክንያት ነው። በችሮታ የተሰጠ ገበያ በሰጪው ፈቃድ ይዘጋል፤ በመዝገብ የተያዘ ስም ግን ገበያው ቢጠብም ይኖራል።

ለጉባ እጣን እንዲህ ያለ ስም ለማውጣት ከወሰን በፊት ዛፉ መኖር አለበት። በ2019 ፍራንስ ቦንገርስ የተባሉት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ኔቸር ሰስቴኔብሊቲ በተባለው መጽሔት ያወጡት ጥናት አስደንጋጭ ነበር፦ የቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ ደኖች ውስጥ ወጣት ዛፍ የለም ማለት ይቻላል፤ ነባሮቹ እየሞቱ ናቸው፤ በዚሁ ከቀጠለ የእጣን ምርቱ በሃያ ዓመት ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል። ምክንያቶቹን የጉባ ሰው ያውቃቸዋል፦ በየበጋው የሚነደው እሳት፣ ችግኙን የሚግጠው ከብት፣ ያለ ዕረፍት የሚላጠው ግንድ፣ ጢንዚዛው። በዚህ ላይ የግድቡ ሐይቅ ሲሞላ እስከ 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር ስለሚሸፍን ደን የነበረ ሰፊ ቆላ ከውኃ በታች ሆኗል። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በመተከል የደረሰው ግጭትም ሰውን ገድሏል፣ አፈናቅሏል፤ ሠራተኛው ወደ ጫካ የሚወጣበትን መንገድም አስፈሪ አድርጎታል።

ጂኦግራፊያዊ አመልካች እዚህ ላይ ከዋጋ በላይ ሊያገለግል ይችላል። ደንቡ የሚጻፈው በባለቤቶቹ ስምምነት ነውና፣ አንድ ዛፍ በዓመት ስንት ቦታ እንደሚላጥ፣ ከስንት ዓመት በኋላ እንደሚያርፍ፣ የተከለለው ደን ከእሳት እንዴት እንደሚጠበቅ በደንቡ ሊገባ ይችላል። ስሙን የሚፈልግ ሁሉ ደንቡን ማክበር ግዴታው ይሆናል። ዛሬ ላኪው የሚከፍለው ለኪሎው ነው፤ ዛፉን ላሳረፈ ሰው የሚከፍል የለም። የታወቀ ስም ላለው እጣን ገዢው ከፍ ያለ ዋጋ ሲከፍል ለዛፉ ዕረፍት የሚውል ገንዘብ ይገኛል። ቡናን በሚሊዮን ማሳ መቆጣጠር ያቃተን ያህል እጣኑ አያቅትም፤ ደኑ የተወሰነ ነው፣ አምራቹ በፈቃድ ነው የሚገባው፣ የሚወጣበት መንገድም ጥቂት ነው።

ማመልከቻው የሚገባባቸው አገሮችም የታወቁ ናቸው፦ ቻይና፣ የመካከለኛው ምሥራቅ አገሮች፣ የአውሮፓ ኅብረት። እጣኑ በእነዚህ ገበያዎች ለቤተ ክርስቲያን፣ ለሽቶና ለባህል መድኃኒት ይገዛል። ዖማን የራሷን እጣን በስሙ አስተዋውቃለች፤ የእጣን ምድሯም ከ2000 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ አለ።

የሚቀረው ጥያቄ በማመልከቻው ላይ «አመልካች» ከሚለው ቦታ ማን ይጻፋል የሚለው ነው። በቡናው ጊዜ የኢትዮጵያ መንግሥት ተብሎ ተሞላ፤ ጊዜውም ያንን ይጠይቅ ነበር። ለጉባ እጣን እንደዚያ ቢሆን አልወድም። ማመልከቻው ላይ መጀመሪያ የመሬቱ ባለቤት የሆነው የጉሙዝ ማኅበረሰብ በኅብረት ሥራ ማኅበሩ በኩል ይጻፍ። ቀጥሎ ለዓመታት ዛፉን በጥበብ ሲልጡ የኖሩት ሠራተኞች፣ ከየትም ይምጡ፣ በማኅበሩ ድርሻ ያግኙ። ክልሉ ደኑን ይጠብቅ፤ የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣኑ በውጭ አገር ጠበቃ ይቁም፤ የንግድ ሚኒስቴር ተደራዳሪዎችም የጉባን ስም ከቡናው ስሞች ጋር በአንድ ዝርዝር ጽፈው ለዓለም ንግድ ድርጅት ድርድር ወደ ጄኔቫ ይሂዱ።